መምህር ኪሮስን ዝም ያሰኘሁበት ቀን

ያለ አስተማሪ የተማርኩትን ልዘርዝር ብል ወረቀት አይበቃኝም። ልብስ መስፋት ማንም ሳያሳየኝ ተማርኩ። የስፌት መኪና መጠገን፣ ቀጥሎ ሬዲዮ፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥን፣ ሁሉንም ፈትቼ እየገጠምኩ ተማርኩ። ትግርኛን ከወሎ በመጣሁበት በመጀመሪያው ክረምት ገበያ ቆሜ ለቀምኩት፤ ዛሬ ተወላጆቹ ራሳቸው ተረት ሲጠፋባቸው እኔን ይጠይቃሉ። እንግሊዝኛ የለመድኩት ከስፌት መኪና መመሪያ ነው። ስለዚህ ስለ አየር ጠባይ ማውራት ባልችልም ስለ ዘይት ማጠጣት ከማንም ፈረንጅ ጋር እከራከራለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ደግሞስ ብኩራራ ምን አለበት? የሠራ ሰው ካልኮራ ማን ይኩራ?

ፊልም ግን የተማርኩት በሽምግልናዬ ነው። ሰላም ከሆነ ወዲህ፣ «ለወጣቶች የአጭር ፊልም ሥልጠና» የሚል ማስታወቂያ ከልብስ ስፌት ሱቄ ፊት ለፊት ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ተለጠፈ። ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩትና በማግስቱ ልመዘገብ ሄድኩ።

«አቦይ፣ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?» አለችኝ መዝጋቢዋ።

«ራሴን ነው።»

«ለወጣቶች ነው እኮ የሚለው።»

«ማለቱን ይላል። እስከ ስንት ዓመት እንደሆነ ግን አይልም።»

ወደ ውስጥ ገብታ ከአለቆቿ ጋር ተሳሳቀች። ስቀው ሲጠግቡ መዘገቡኝ። ሥልጠናው ሲጋመስ ግን የሚስቅ አልነበረም። ከሁሉ ቀድሜ የምገኘው እኔ፣ ጥያቄ የማበዛው እኔ፣ የተበላሸውን መብራት የምጠግነው እኔ። ለማጠናቀቂያው ፊልም ሦስት ሦስት ሆነን ስንመደብና ዳይሬክተር ማን ይሁን ሲባል፣ ልጆቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ እጄን አወጣሁ።

ከእኔ ጋር የተመደቡት ሁለት ነበሩ። ሀፍቶም ባጃጅ ነጂ ነው፤ ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት ይማራል፣ ቀኑን ሙሉ ይቀልዳል። ፍረወይኒ የኲሓ ልጅ ናት። ትንሽ ነው የምትናገረው፤ ካሜራ ስትይዝ ግን እጇ እንደ ግድግዳ አይነቃነቅም። አንድ የሠርግ ቪዲዮ ቤት «የራስሽን ሥራ አምጪና አሳዪን፣ ጥሩ ከሆነ እንቀጥርሻለን» ብሏት ነበር። ከልብስ ፋብሪካ ሥራ ከወጣች ወዲህ ሌላ ተስፋ አልነበራትም። የምታሳየው ሥራ ደግሞ ይህ የእኛ ፊልም ብቻ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ታሪኩን የጻፈችው እሷ ናት። አጭር ነው። አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ከመንገዱ ራስጌ እስከ ቤቱ በር ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ሰፈርተኛው ሁሉ ደጁ ላይ ነው፤ ሰላም የሚለው ሰው ግን የለም። ሰውዬው በሩ ላይ ደርሶ ያንኳኳል። አለቀ።

እኔ ምን ጨመርኩበት? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካሜራው ሳይጠፋ፣ ምስሉ አንዴም ሳይቆረጥ በአንድ ትንፋሽ ይቀረጽ አልኩ። ሰፈሩ በሙሉ በሰው ተሞልቶ!

አሠልጣኛችን ቢንያም የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ትሑትና ታጋሽ ነው። ዕቅዴን ሰምቶ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

«አባቴ፣ ይህን እኮ ገንዘብ ያላቸውም ይፈሩታል። ሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ ቢሆን አይሻልም?»

«ሁለት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ሲያወራ ለማየት ማን ከቤቱ ይወጣል? እሱማ እቤቱም አለለት።»

«ካሜራው ለየቡድኑ የሚሰጠው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ ለሌሎቹ ይሄዳል። ከተበላሸ ሁለተኛ ዕድል የለም። ፊልም ያላስረከበ ደግሞ የምስክር ወረቀት አያገኝም። እርስዎ ብቻ አይደሉም፣ ልጆቹም።»

«ሰይድ የነካው ነገር ተበላሽቶ ያውቃል?» አልኩት። ፍረወይኒ መሬት መሬቱን አየች።

ገንዘባችን ለምሳ እንኳ የሚተርፍ አልነበረም። ቢሆንም እኔ ባለሁበት ገንዘብ ምን ይሠራል! ለመንገድ ዓዲ ሐቂ የሚገኘውን የራሴን ሰፈር መረጥኩ፤ ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈበት ረጅም ቁልቁለት ነው። ለሰው ጎረቤቶቼን መረጥኩ። ድምፅ መቅጃ ስላልነበረን የሀፍቶምን ስልክ በተዋናዩ የኮት ኪስ ውስጥ ከትተን ልንቀዳ ወሰንን። ቀሪው ችግር ካሜራው ነበር። ፍረወይኒ በዚያ ድንጋይ ላይ ወደ ኋላ እየተራመደች ብትቀርጽ ወይ ትወድቃለች ወይ ምስሉ ይዘላል።

ሌሊቱን በሐሳብ ፈትቼ ገጠምኩትና ካሜራው በተሰጠን ቀን ጠዋት ሀፍቶምን ጠራሁት። የባጃጁን የኋላ ሸራ አስፈታሁት። ፍረወይኒን ፊቷን ወደ ኋላ አዙሬ አስቀመጥኳት። ከጎማዎቹ ላይ አየር ቀነስኩ፤ ለስላሳ ጎማ ድንጋዩን ይውጠዋል። ሞተሩን አጠፋን። ቁልቁለት ነው፤ ሀፍቶም ፍሬኑን ለቀቅ ያዝ እያደረገ ሲያወርደው ባጃጁ ያለ ድምፅ እንደ ጥላ ወረደ። ፍረወይኒ የቀረጸችውን መልሳ አየችና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁት።

«አቦይ ሰይድ፣ ይህን ከየት ተማሩት?»

«ከማንም!» አልኳት።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። ስሕተት ልበለው እንጂ ነገሩ ወዴት እንዳደረሰን ስታዩ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

ለተዋናይነት መምህር ኪሮስን መረጥኩ። ጡረተኛ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቱ የተጻፈበት ወረቀት የሚመስል፤ በልኩ የሰፋሁለት ጥቁር ኮት አለው፤ ክፍያም አይጠይቅም። ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። በዚያ መንገድ ደጃፍ ለደጃፍ ከተቀመጠው ሰው አብዛኛው የመምህር ኪሮስ ተማሪ ነበር። ያልተማረው ልጁን ያስተማረለት ነው። በመንገዱ ላይ ከሁለቱም ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ በዚህም ሁልጊዜ ያበሽቀኛል። «ሰይድ፣ አንተን ሳላስተምርህ መሞቴ ነው የሚቆጨኝ» ይለኛል። እንግዲህ ማንም ሰላም የማይለውን ሰው እንዲጫወት የመረጥኩት ከሰፈሩ ሁሉ ይበልጥ ሰላም የሚባለውን ሰው ነው።

ከምሳ በኋላ ሰፈርተኛውን ሰበሰብኩ። ንግግሩ ሁሉ በትግርኛ ነበር፤ እዚህ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

«ሥራችሁ ቀላል ነው። ተቀመጡ። መምህር ሲያልፍ ሰላም አትበሉት። እንደማታውቁት ሁኑ።»

ሳቁ። «ሕራይ፣ ሕራይ» ብለው እሺ አሉ። ቀላል መስሏቸው ነበር። እኔንም።

ከባጃጁ ጎን እየሄድኩ «ጀምር!» ብዬ ጮህኩ። መምህር ኪሮስ ከላይ አንገቱን ደፍቶ መጣ። አረማመዱ ግሩም ነበር። የመጀመሪያዋ ተቀማጭ አትክልት የምትሸጠው፣ ሰፈሩ ሁሉ እናቴ ለማለት አደይ የሚላት ለተ ናት፤ ሰፊ፣ ሳቂታ፣ ድምፀ ትልቅ። መምህር ሊደርስባት ጥቂት ሲቀረው ከበርጩማዋ ብድግ አለች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጎንበስ ብላ «ከመይ ውዒልኩም መምህር!» አለች፤ እንዴት ዋሉ ማለቷ ነው።

«አቁም!» አልኩ። «ለተ! ምን ተባባልን?»

«ምን አደረግሁ?»

«ተነሣሽ፣ ሰላም አልሽው!»

«እኔ?» ዞር ብላ ጎረቤቷን ጠየቀች። «ተነሣሁ እንዴ?»

በሁለተኛው ሙከራ ለተ በርጩማዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀመጠች። አለፈ። ደስ አለኝ። ወዲያው ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ከሱቁ ወጣና አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ ግማሽ ፂሙ የተላጨ ደንበኛውም ከነአረፋው ተከትሎት ወጥቶ ቆመ።

በሦስተኛው ሰፈርተኛው ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ቻለ። ልጃገረዶቹ አልተነሡም፣ ሽማግሌዎቹ አልተነሡም። መንገዱን አጋምሰን ነበር። ይኼኔ መምህር ኪሮስ ራሱ ቀጥ ብሎ ቆመና ወደ አንድ የቀድሞ ተማሪው ዞረ።

«አንተ፣ ዛሬ ምነው ኮራህብኝ? ጤና የለህም እንዴ?»

ሀፍቶም ከመሪው ላይ በሳቅ ተደፋ። ፍረወይኒ ግን አልሳቀችም። የካሜራውን ባትሪ አየች፣ ፀሐይዋን አየች፣ እኔን አየችኝ። ጎማው የላላውን ባጃጅ ወደ ላይ ለመግፋት በየሙከራው የሚባክነው ጊዜ ቀኑን በልቶት ነበር።

አራተኛው ሙከራ ተሳካ። ማንም አልተነሣ፣ ማንም አልተነፈሰ፣ መምህርም አልተናገረ። እስከ በሩ ደረሰ፣ አንኳኳ። እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ከዚያ ሦስታችን የተቀረጸውን አየን። እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ሰዎቹ ሰላም ላለማለት ሲታገሉ ፊታቸውን አዙረዋል፣ ጫማቸውን ያያሉ፣ አንዳንዱ ዓይኑን ጨፍኗል። የተረሳ ሰው ሲያልፍ አይመስልም። ሌባ ሲያልፍ ይመስላል።

«ይህ ውሸት ነው» አለች ፍረወይኒ ቀስ ብላ።

«እንደገና!» አልኩ።

ይኼኔ አደይ ለተ በርጩማዋን አንሥታ ብብቷ ሥር ከተተች። «እኔ ከእንግዲህ አልቀመጥም።»

«ለተ፣ ፊልም እኮ ነው!»

«ይሁና! እግሬ ፊልም መሆኑን አያውቅም። መምህር ሲያልፍ ይነሣል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቆይ አንተስ፣ ሰይድ? በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ሰው ከሰው በተፈራራበት ጊዜ፣ አንተን በዚህ መንገድ ሰላም ሳይልህ ያለፈ ሰው ነበር?»

ለማዘዝ ያነሣሁትን እጄን አወረድኩ።

እውነቷን ነው። በዚያ ጊዜ እኔ የወሎው ሰይድ ሱቄን ዘግቼ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ የፈራሁት ዝምታውን ነው። አንድ ጠዋት ዳቦ ፍለጋ ስወጣ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ማንም ባያየኝ ብዬ እየተመኘሁ ስሄድ፣ ይህችው ለተ ባዶ ሳጥኗ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። የሚሸጥ የላትም። ብድግ አለችና «ከመይ ሓዲርኩም አቦይ ሰይድ!» ብላ እንዴት አደሩ አለችኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ተነሣ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ተነሣ። ዳቦ አላገኘሁም፣ ግን ሱቄን ከፈትኩ።

እንዲህ ያለውን ሰፈር ነው እንግዲህ ሰላምታ ንፈጉ ያልኩት።

የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ ሥራውን አቋርጬ ሰገድኩ። ተመልሼ ባጃጁ ውስጥ ከፍረወይኒ አጠገብ ተቀመጥኩ። ባትሪው ባጃጁን አንድ ጊዜ አውርዶ ለመቅረጽ ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ፀሐይዋም እንደዚያው።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ይህ ታሪክ የት የሆነ ነው?» አልኳት።

«የትም አልሆነም። ፈጠራ ነው።»

«እኔ ብዙ መኪና ፈትቻለሁ። አንድ ቁራጭ ተገልብጦ ሲገጠም አውቃለሁ። ይህ ታሪክ የተገለበጠ ቁራጭ አለበት።»

የካሜራውን መሸፈኛ ከፈተች፣ ዘጋች። ሀፍቶም እንኳ ቀልዱን ዋጠ።

«አባቴ ነው» አለች በመጨረሻ። «የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መንገድ ሲዘጋ እዚያ ማዶ ቀረ። የት እንደቆየ፣ ምን እንዳየ እስከ ዛሬ አልነገረንም። የመጣ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ተነሥቶለት ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ። ‹እንቋዕ ብደሓን መጻእኩም›፣ እንኳን በሰላም መጣህ ያላለው ሰው አልነበረም።»

«እሺ?»

«እሱ ነው ያልመለሰው። ለአንድም ሰው። ቀጥ ብሎ በመሀላቸው አለፈና በሩን አንኳኳ። እስከ ዛሬም ሰላም ሲሉት አይመልስም። ሰው ‹ኮራ› ይላል፤ ‹ታመመ› የሚልም አለ።»

«ታዲያ ለምን ገልብጠሽ ጻፍሽው?»

«አባቴን ከምከስ ሰፈሩን ብከስ ይሻለኛል ብዬ።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዝም ይል ነበር። እኔ ግን ብድግ አልኩ። «እንገልብጠዋ! ለተ ትነሣ! ፀጉር አስተካካዩ ይውጣ! ሁሉም እንደ ልቡ ሰላም ይበል! እሱ ብቻ አይመልስ!»

«አባቴ ያየዋል» አለች። «ሰውም ያውቀዋል።»

ይህን ስትል ካሜራውን መቀመጫው ላይ አስቀመጠች። ያ እንደ ግድግዳ የማይነቃነቀው እጅ ባዶውን ቀረ። ፊልሙ ከሌለ ሥራው የለም፤ ፊልሙ ካለ ደግሞ የአባቷ ፊት አደባባይ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ነገር ላይ ዳይሬክተር አያዝም። ጠበቅኳት።

«አይፈረድበትም?» አለችኝ።

«እኔ ሳለሁ? አይፈረድበትም።»

«ሕራይ» አለች፤ ካሜራዋንም አነሣች።

ሰፈሩ ዜናውን ሲሰማ ጨፈረ። ያልጨፈረው አንድ ሰው ነበር፣ መምህር ኪሮስ።

«ሰላም ላለኝ ሰው መልስ እንድነፍግ? በየትኛው ሥርዓት? ዕድሜዬን ሙሉ ‹ለሰላምታ መልስ ስጡ› ብዬ ያስተማርኩ ሰው!»

«ትወና ነው፣ መምህር።»

«አውቃለሁ ትወና እንደሆነ። አፌ ግን አያውቅም። እንደ ለተ እግር ነው።»

መላ መታሁ። አፉን ውኃ አስሞላሁትና «ይህን ይዘህ ሂድ፤ እንኳን መናገር መተንፈስ አትችልም» አልኩት። ለሙከራ ያህል ለተን በፊቱ አስቆምኳት። «ከመይ ውዒልኩም መምህር?» አለች። መምህር ኪሮስ ውኃውን ጉልጭ አድርጎ ዋጠና፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?» አላት።

ፀሐይዋ የቤቶቹን ጣሪያ ነክታ ነበር። ሁሉም እኔን አየ። በዚያች ሰዓት የተናገርኩትን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ከራሴ ነው እንጂ ከሌላ ከየት ይመጣል።

«መምህር፣ መልስ» አልኩት። «አንድም ሰው ሳታስቀር ለሁሉም መልስ። ግን በሆድህ። ቃሉ ከሆድህ ተነሥቶ ጉሮሮህ ላይ ይቁም።»

ትንሽ አሰበበት። «በሆዴ መመለስ ይፈቀዳል?»

«ግዴታህ ነው።»

«እንደዚያ ከሆነ እችላለሁ» አለና ኮቱን ቆልፎ ወደ ላይ ወጣ።

«ጀምር!»

ባጃጁ ተንቀሳቀሰ። ፍሬኑ ለአንድ አፍታ ሲጢጥ አለና ጸጥ አለ። መምህር ኪሮስ መጣ። አደይ ለተ ብድግ አለች፤ «እንቋዕ ብደሓን መጻእኩም!» አለች። እኔ የመምህርን ፊት ብቻ ነበር የማየው። አላያትም። ግን ከንፈሩ ተነቃነቀ፤ እንደሚንቀጠቀጥ ክር፣ ትንሽ። ድምፅ አልወጣም። አለፈ። ፀጉር አስተካካዩ ወጣ። ከንፈሩ እንደገና። ሽማግሌዎቹ ተነሡ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፉ፣ እልልታው ከኋላችን እየተቀባበለ ወረደ። እሱ በመሀላቸው ሲሄድ ከንፈሩ አላረፈም። የሚያኝክ ይመስላል፣ የሚጸልይ ይመስላል፣ ሊያለቅስ የደረሰም ይመስላል።

«ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ላቁም?» አለች ፍረወይኒ በሹክሹክታ።

እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግሁ። አታቁሚ ማለቴ ነው። እሷም ገባት።

መሀል መንገድ ላይ ስንደርስ ያላዘዝኩት ነገር ሆነ። አደይ ለተ ተከትላው መጥታ ኖሮ ኮቱን እጅጌው ላይ ያዝ አደረገችው። ምንም አላለችም። መምህር ቆመ። ሀፍቶምም ባጃጁን አቆመ፤ ይህን ልጅ ለዚህ ብቻ እወደዋለሁ። መምህር ኪሮስ የለተን እጅ አየ። ጉሮሮው ወጣ ገባ አለ። አሁን ይናገራል፣ አለቀልን ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል እጁን በእጇ ላይ ለቅጽበት አሳርፎ መንገዱን ቀጠለ። በሩ ላይ ደረሰ። አንኳኳ።

«አቁም» ማለት የእኔ ሥራ ነበር። ረሳሁት። ካሜራው ራሱ ባትሪው አልቆ እስኪጠፋ ድረስ አንድ ሰው እንኳ ከቆመበት አልተቀመጠም።

ፊልሞቹ ለሕዝብ የታዩ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሰፈሬ በሙሉ ወጥቶ መጥቷል፤ አደይ ለተ ራሷን ለማየት አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ፍረወይኒ ከጎኔ ተቀምጣ እጇን ታሻሻለች።

«መጥቷል» አለችኝ። «ከኋላ፣ በሩ አጠገብ።»

የሁለት ሰውና የአንድ ጠረጴዛ ፊልሞች አለፉ። የእኛ ታየ። ሲያልቅ የሆነውን ጭብጨባ እኔ ብነግራችሁ ሰይድ አጋነነ ትላላችሁና አሠልጣኙን ጠይቁት። ቢንያም መጥቶ አቀፈኝና «አባቴ፣ ያን ጠረጴዛ ይርሱልኝ» አለኝ። የሠርግ ቪዲዮ ቤቱ ባለቤትም እዚያው ፍረወይኒን «መቼ ትጀምሪልናለሽ?» አላት። እሷ ግን አልሰማችውም። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር።

አባቷ አቶ ንጉሰ ሕዝቡ እስኪቀንስ ጠብቆ ወደ እኛ መጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ፀጉሩ ያለ ዕድሜው የነጣ። ሰላም አላለኝም። ፊት ለፊቴ ቆሞ ብዙ አየኝ። እኔም እንደ ሹመኛ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ያን ሰውዬ ምን ብለው ነው ያዘዙት?» አለኝ። ድምፁ ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ በር ይመስላል።

«በሆድህ መልስ አልኩት።»

ዞር ብሎ የፊልሙን ሸራ አየ።

«ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል» አለ።

«ይንቀሳቀሳል።»

«የእኔን ማንም አይቶት አያውቅም» አለ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። እጁን አናቷ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ፤ ወደ በሩም ሄደ።

በሩ ላይ አደይ ለተ ነበረች። ሰውየውን አታውቀውም። ሽማግሌም ይሁን እንግዳ ሳትለይ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ «ከመይ ውዒልኩም» አለችው። አቶ ንጉሰ ቆመ። እኔና ፍረወይኒ ከጎን ነበርን፤ ስለዚህ አየን። ድምፅ አልወጣም። ለተ ግን ሰውየው ከራቀ በኋላ ወደ እኛ መጥታ፣ «መለሰልኝ እኮ» አለች።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከዚያ ቀን በፊት ዳይሬክተር ማለት የሚያዝ ሰው ይመስለኝ ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ ሰፈሩን ሳዝ ውዬ እግራቸውን እንኳ እንዳይነሣ ማድረግ አልቻልኩም። ማዘዙን ትቼ ሊሆን ለሚፈልገው ነገር መንገድ ስለቅቅለት ፊልሙ መጣ። ይህንን ስረዳ ስንት ዓመቴ እንደሆነ አስሉት። ቢሆንም አልዘገየሁም፤ ሁለተኛውን ፊልም ጀምረናል፣ ፍረወይኒ ቅዳሜና እሑድ ከሠርግ ሥራዋ ስትመለስ እንቀርጻለን። አባቷ ባጃጁን ወደ ላይ ይገፋልናል። ከማንም ይልቅ በጉልበት ይበልጠናል። ጠዋት ሲመጣ ሰላም ስንለው አንዳንድ ቀን ድምፅ ይወጣዋል፤ አንዳንድ ቀን አይወጣውም።

እናንተም በሱቄ በኩል ስታልፉ ሰላም ብያችሁ ዝም ብትሉኝ አልቀየምም። ከንፈራችሁን ነው የማየው።

ያለ አስተማሪ ስለተማርኩት ነገር ነበር የጀመርኩት። ይህን አንዱን ግን ብቻዬን ተማርኩት ብል ሰፈሩ ይታዘበኛል። መምህር ኪሮስ በየቀኑ በደጄ ሲያልፍ ከዘራውን አንሥቶ፣ «እህ ሰይድ፣ በመጨረሻ ተማሪዬ ሆንክ አይደል?» ይለኛል።

እኔም በሆዴ እመልስለታለሁ።